ካርታውን ዝጉት፦ የክፍት ዓለም ጌምን ስፋት የማጣጣም መመሪያ

ዊቸር 3 የሚባለውን ጌም መጀመሪያ የተጫወትኩት ዓይኔን ከሚኒማፑ፣ በማያው ጥግ ካለችው ትንሽ ካርታ፣ ሳልነቅል ነው። አርባ ሰዓት ያህል ከተጫወትኩ በኋላ ታናሽ ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ኖቪግራድ ከዚህ በየት በኩል ናት?» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ በፈረስ ስመላለስባት የከረምኩባትን ከተማ አቅጣጫ መናገር አቃተኝ። የማውቀው በማያው ጥግ ያለችውን ትንሽ ክብና በውስጧ የተዘረጋውን የነጠብጣብ መስመር ብቻ ነበር። በዚያው ሳምንት ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ ሚኒማፑን አጥፍቼ። ያው ጌም ሌላ አገር ሆነብኝ።

እኛ ዘንድ መንገድ የሚጠቁም ሰው የሚናገረውን አስታውሱ። «ቀጥ ብለህ ሂድ፤ ዋርካዋን ስታገኝ በግራ ታጠፍ፤ ወንዙን ከተሻገርክ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ይታይሃል።» የጎዳና ስም የለም፣ ቁጥር የለም፣ ያለው ምልክት ብቻ ነው። ጥሩ የክፍት ዓለም ጌሞች፣ ማለትም በፈለጋችሁበት አቅጣጫ የምትዞሩባቸው፣ የተሠሩትም እንዲህ ታስቦ ነው። ስፋታቸው የሚታወቀው ለዓይን ሲሰጥ እንጂ በማያው ላይ የተቀመጠ ቀስት ሲከተሉ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ያላችሁን ማሽንና ጊዜ እዩ። አሮጌ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ብቻ ካላችሁ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስና ማይንክራፍት ይበቃሉ፤ ከትልልቆቹ አዳዲስ ጌሞች ያንሳሉ ብላችሁ አትናቋቸው። በሰዓት እየከፈላችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት የምትጫወቱ ከሆነ ግን ይህ ዓይነት ጌም ለዚያ አይመችም። ሰዓት ሲቆጠርባችሁ ቆሞ ማየት ያስጨንቃል፤ ሴቭ ያደረጋችሁትንም ሌላ ሰው ሊደርብበት ይችላል። ለዚያ ኳስ ይሻላል፤ ይህንን ለቤት አቆዩት።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ጌሙ ራሱ የሚያደርገውን አውቶሴቭ ብቻ አትመኑ። ጌሙ በእጅ ሴቭ ማድረግ የሚፈቅድ ከሆነ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ እያፈራረቃችሁ አስቀምጡ። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት የሄደበት ሴቭ ሊበላሽ ይችላል፤ ያኔ ሌላኛው ይተርፋል።

1. ማያውን አጽዱ

መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና የሚያዘናጋውን ሁሉ አጥፉ። በየጌሙ እንዲህ ነው፦

በዘልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ፣ አማራጮቹ ውስጥ የማያ ምልክቶችን ወደ «ፕሮ» ቀይሩ። ሚኒማፑ፣ የሙቀት መለኪያው፣ የድምፅ መለኪያው ሁሉ ይጠፋና ልቦቹ ብቻ ይቀራሉ።

በሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2፣ የአቅጣጫ ቁልፉን ወደ ታች ተጭናችሁ ስትይዙ የራዳር፣ ማለትም የሚኒማፑ፣ ምርጫ ይመጣል። ሙሉ ለሙሉ ማጥፋት ከከበዳችሁ በኮምፓስ ጀምሩ፤ ሰሜንን ማወቅ አያዘናጋም።

በዊቸር 3 ሚኒማፑን ከማሳያ ምርጫዎቹ ማጥፋት ይቻላል። ካርታው ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክቶቹን በማጣሪያው ደብቁ።

በስካይሪም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ተልዕኮዎች «ዋሻው በስተ ምሥራቅ ነው» እንኳን አይሉም፤ ቀስቱን ትከተላላችሁ ተብሎ ታስቦ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ተልዕኮ ስትይዙ ኮምፓሱን መልሱት፤ ስትዞሩ አጥፉት። ይህ የስካይሪም ድክመት ነው እላለሁ። የዚያው ኩባንያ የ2002ቱ ሞሮዊንድ ቀስት የሚባል ነገር አልነበረውም። ሰዎቹ ራሳቸው መንገዱን ይነግሯችኋል፦ እስከ ድልድዩ ሂድ፣ ምልክት ሰሌዳው ጋ ስትደርስ ወደ ሰሜን ታጠፍ። ልክ እንደ እኛ ባላገር። የነገሯችሁም በማስታወሻው ላይ ይጻፍላችኋል። ግራፊክሱ አርጅቷል፤ መንገድ የመጠየቅን ጣዕም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ዛሬም ቢሞክረው አይቆጭም።

ድምፁንም አትርሱ። ኢርፎን አድርጉ፤ የጀርባ ሙዚቃውን ቀንሱና የአካባቢውን ድምፅ ከፍ አድርጉ። ወንዝ ከመታየቱ በፊት ይሰማል።

2. ከፍታ ላይ ውጡና ሦስት ምልክት ያዙ

ይህ እርምጃ የሁሉም ቁልፍ ስለሆነ አትዝለሉት።

ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ሲጀምር ባለታሪኩ ሊንክ ከዋሻ ወጥቶ ገደሉ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ከፊቱ አገሩ በሙሉ ይዘረጋል። ብዙ ሰው ሽማግሌው ወዳለበት ለመሮጥ ይቸኩላል። እናንተ ቁሙ። ኮንትሮለሩን አስቀምጡና ለሁለት ደቂቃ ተመልከቱ። ከሥር የፈረሰው የጊዜ ቤተ መቅደስ አለ። ራቅ ብሎ መሐል ላይ ጥቁር ጭጋግ የዞረው ቤተ መንግሥት። ከዚያ ወዲያ ጫፉ የሚነድ የእሳት ተራራ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በሰይፍ የተሰነጠቀ የሚመስል መንታ ተራራ ታገኛላችሁ።

አሁን ቁጭ ብላችሁ ከእነዚህ ምልክቶች ሦስቱን መርጣችሁ እርስ በርስ አያይዟቸው። «ቤተ መንግሥቱ ከፊቴ ሲሆን መንታው ተራራ በቀኜ ነው» በሉ። በቃል አውጥቶ መናገር ይረዳል፤ ቀልድ አይምሰላችሁ። ከዚያ በኋላ የትም ብትወድቁ ከሦስቱ ሁለቱ ከታዩአችሁ የት እንዳላችሁ ታውቃላችሁ።

ይህ የሚሠራው ሠሪዎቹ ስላሰቡበት ነው። የኔንቴንዶ ሰዎች በ2017 በጃፓን በተካሄደ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ እንዳብራሩት፣ መልክዓ ምድሩን የሠሩት በሦስት ማዕዘን ቅርጽ አስበው ነው። ትልቁ ሦስት ማዕዘን ከሩቅ የሚታይ ተራራ ነው፤ አቅጣጫ ይሰጣል። መካከለኛው ኮረብታ ነው፤ ከኋላው ያለውን ይጋርድና ስትጠጉት ብቅ ያደርገዋል። ትንሹ ቋጥኝ ነው፤ እርምጃችሁን ያለዋውጣል። ሽቅብ እንውጣው ወይስ እንዙረው የሚለውን ደግሞ ለእናንተ ይተወዋል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ የሄዳችሁበት ጋራ ሁሉ ሌላ ይሆናል፦ «ይህ ኮረብታ ምን እየደበቀብኝ ነው?» ማለት ትጀምራላችሁ።

በዚሁ ጌም ከማማ ወይም ከተራራ ላይ ሆናችሁ መነጽሩን በማውጣት ዓይናችሁ ያረፈበት ቦታ ላይ ባለ ቀለም ችካል መትከል ትችላላችሁ። እስከ አምስት ይፈቅዳል። እኔ ግን በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አልተክልም፤ አምስት ከሆነ ያው የሥራ ዝርዝር ነው።

3. አንድ መስመር በእግር ቁረጡ

ከያዛችሁት ምልክት አንዱን ምረጡና በእግር ሂዱ። አትሩጡ። ሰዓት ያዙ።

ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሆነ የሚነግሯችሁን አትመልከቱ፤ ቁጥሩ ስሜቱን አይነግራችሁም። ሳን አንድሪያስ ጎኑ 6 ኪሎ ሜትር የሆነ ካሬ ነው፤ 36 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ከአዲስ አበባ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ሆኖም በ2004 የተጫወተው ሰው ሁሉ ሦስት ከተማ፣ በረሃና ጫካ ያለው ትልቅ ግዛት አድርጎ ነው የሚያስታውሰው። ምሥጢሩ ጭጋጉ ላይ ነበር። የዚያን ዘመን ፕሌይስቴሽን ሩቁን ማሳየት ስለማይችል ርቀቱ በጭጋግ ይሸፈናል፤ መንገዶቹም ይጠማዘዛሉ፤ ድልድዮቹም መጀመሪያ ላይ ዝግ ናቸው። በ2021 እንደገና ተሠርቶ ሲወጣ አየሩ ጥርት ብሎ ተለቀቀ፤ ቺሊያድ ተራራ ላይ የወጣ ሰው ከተማዎቹ እዚያው አፍንጫው ሥር እንደነበሩ አየ። ያ ሁሉ አገር በአንድ ጊዜ ጠበበ። ተጫዋቾቹ ቅር አላቸው፤ በኋላም በማሻሻያ ጭጋጉን መለሱት።

የብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ዳይሬክተር ሂዴማሮ ፉጂባያሺም ስፋቱን የወሰነው በተወለደበት በኪዮቶ ከተማ ነው። የኪዮቶን ካርታ በጌሙ ዓለም ላይ ደርቦ፣ ከዚህ ቦታ እዚያ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከራሱ እግር ያውቅ ስለነበር በዚያ ለካ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከቤታችሁ እስከ ታክሲ መያዣው ስንት ደቂቃ ትሄዳላችሁ? ያንኑ ያህል በጌሙ ውስጥ ሂዱና ምን ያህል እንደራቃችሁ ዞር ብላችሁ እዩ።

ቀኑም ይለያያል፤ ይህን ማወቅ ጉዞ ለማቀድ ይጠቅማል። በሳን አንድሪያስም ሆነ በብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ አንድ ቀን ከነሌሊቱ 24 ደቂቃ ነው። በማይንክራፍት 20፣ በጂቲኤ 5 ደግሞ 48 ደቂቃ። ጎህ ሲቀድ ተነሥታችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ የምትደርሱበትን ቦታ መምረጥ ጉዞውን እውነተኛ ጉዞ ያደርገዋል።

4. ለፋስት ትራቭል ሕግ አውጡለት

ፋስት ትራቭል፣ ማለትም ካርታ ላይ ቦታ መርጦ መንገዱን በመዝለል በቅጽበት መድረስ፣ ክፉ ነገር አይደለም። ሥራ ውሎ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ያስፈልገዋል። ግን ልቅ ከሆነ ዓለሙ የተበታተኑ ክፍሎች ይሆናል።

የእኔ ሕግ ይህ ነው፦ ወደ ቦታው ሄጄም ተመልሼም ካላየሁ አልዘልም። ስመለስም በመጣሁበት አልመለስም። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ አዲስ ነገር ካገኘሁባቸው ጊዜያት አብዛኞቹ በመልስ መንገድ ላይ የነበሩ ናቸው።

ጌሙ ራሱ መጓጓዣ ካለው ደግሞ እሱን ተጠቀሙ። በዊቸር 3 በየብስ መዝለል የሚቻለው ከመንገድ ሰሌዳዎች ብቻ ነው፤ ይህ በራሱ ጥሩ ገደብ ነው። በሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 መድረሻ ምልክት አድርጋችሁ፣ መንገድ ላይ ገብታችሁ፣ የሲኒማ ካሜራውን ብትከፍቱ ፈረሱ መንገዱን ራሱ ይከተላል። ካሜራው ከሩቅ ያሳያችኋል፤ እናንተ ሻያችሁን ትጠጣላችሁ። ከበረዶው ተራራ ተነሥታችሁ ረግረጉ አጠገብ እስካለችው ሴንት ዴኒስ ከተማ እንዲህ ሂዱ፤ ዛፉ፣ አፈሩ፣ የሰዎቹ ልብስ ሲቀያየር ታዩታላችሁ።

5. ደብተር ያዙ

የወረቀት ደብተር። መስመር የሌለው ቢሆን ይመረጣል። ቤታችሁን ወይም መነሻችሁን መሐል ላይ አድርጉና ያያችሁትን እያከላችሁ ሣሉ፤ ስም የሌለውን ቦታ ስም አውጡለት። ሥዕሉ ባያምርም ሲሣል ቦታው ልብ ውስጥ ይገባል።

ለማይንክራፍት ይህ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። የማይንክራፍት ዓለም ጎኑ 60 ሚሊዮን ብሎክ ነው፤ አንድ ብሎክ እንደ አንድ ሜትር ይቆጠራል። በሴኮንድ 4.3 ሜትር ገደማ በሚራመደው ገጸ ባሕሪ ከመሐል እስከ ዳር 30 ሚሊዮን ሜትር ለመሄድ፣ ሳታቆሙ ቀንና ሌሊት፣ 80 ቀን ይፈጅባችኋል። በዚህ ስፋት ውስጥ ቤቱን ያጣ ሰው አያገኘውም። ስለዚህ ቤት በሠራችሁ ዕለት የቦታውን ቁጥር ጻፉ፦ በኮምፒዩተሩ የጃቫ ቅጂ ኤፍ 3ን ስትጫኑ ይወጣል፤ በስልኩ ደግሞ የዓለሙ ቅንብር ውስጥ «መጋጠሚያ አሳይ» የሚለውን ትከፍታላችሁ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር ቦታችሁ ነው፤ የመሐሉ ከፍታችሁ።

ዋሻ ስትገቡ ችቦውን ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ትከሉ። ስትወጡ ችቦው በግራችሁ ከሆነ በትክክል እየወጣችሁ ነው። ቀላል ነገር ናት፤ ግን ከስንት መንታ መንገድ አውጥታኛለች። በጣም ሩቅ መሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ በኔዘር፣ በጌሙ ውስጥ ባለው ሌላ ዓለም፣ በኩል አቋርጡ፤ እዚያ አንድ ብሎክ መሄድ በላይኛው ዓለም ስምንት እንደመሄድ ነው።

6. ወደ ታች ውረዱ

ስፋት ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ወደ ጎን ነው። በሕይወቴ ካየሁት ጌም ውስጥ እጅግ ያስደነገጠኝ ስፋት ግን ከመሬት በታች ነበር።

በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ሲጀመር ካርታው ባዶ ነው። ብዙ ቦታ ከማየታችሁ በፊት ትንሽ ይመስላል፤ በሄዳችሁ ቁጥር የካርታው ጠርዝ ይሰፋል። የየአካባቢውን የካርታ ቁራጭ ለማግኘት ባዶው ላይ የተሣለችውን ትንሽ የድንጋይ ሐውልት ምልክት ፈልጉና መንገዱን ይዛችሁ ወደዚያ ሂዱ፤ መንገዶቹ በባዶው ካርታም ላይ ይታያሉ።

ጌሙ በሚጀምርበት በሊምግሬቭ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል ጭጋጋማ ጫካ አለ፤ ድብ የበዛበት። እዚያ ውስጥ የጉድጓድ ቤት የሚመስል ክብ የድንጋይ ሕንፃ ታገኛላችሁ። ገብታችሁ መሐሉ ላይ ስትቆሙ ወለሉ ይወርዳል። መጀመሪያ ግድግዳው በጎናችሁ ያልፋል። አሁን ይቆማል ስትሉ አይቆምም። ኮንትሮለሩን ይዤ ቀና አልኩ፤ «ተበላሸ ወይ?» ብዬ ወንድሜን ጠየቅሁት። ከዚያም ታች ደርሰን በሩን ወጣን፤ ከራሳችን በላይ ሰማይ ነበር። ከመሬት በታች ሰማይ፣ በሐምራዊ ኮከብ የተሞላ፤ ከሥሩ የፈረሰ ከተማና ወንዝ። ወንድሜ ምንም አላለም። እኔም።

ይህን የምነግራችሁ ቦታው ካርታ ላይ ትልቅ ሆኖ ስለማይታይ ነው። በቀስት ላይ የሚሄድ ሰው ሕንፃዋን አልፏት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጉድጓድ፣ ደረጃ፣ ተዘግቶ የሚመስል በር ስታዩ ግቡ። በስካይሪምም ከመሬት በታች ብላክሪች የሚባል ግዙፍ ዋሻ አለ፤ እንጉዳዩ የሚያበራ። እሱን ራሳችሁ ድረሱበት፤ መንገዱን አልነግራችሁም።

7. ሁሉን ለመልቀም አትነሱ

ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ 120 የፈተና ዋሻና 900 የኮሮክ ዘር የሚባሉ የተደበቁ ትንንሽ ሽልማቶች አሉት። 900ው ሁሉ እንዲሰበሰብ አይደለም የተበተነው፤ በየትም በኩል ብትሄዱ አንድ ነገር እንድታገኙ ነው። በዊቸር 3 የስኬሊጌ ባሕር ላይ የተበተኑት የጥያቄ ምልክቶችም አብዛኞቹ የኮንትሮባንድ በርሜሎች ናቸው፤ በጀልባ ተራ በተራ የለቀመ ሰው ባሕሩን ይጠላዋል። ባሕሩ ግን በማዕበል ቀን እጅግ ያምራል። ወደ አንድ ደሴት ስታመሩ መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ውሰዱ፤ ሌላውን ተዉት።

8. እውነተኛውን ልክ ለማየት አንድ ጊዜ ብረሩ

አቅም ያለው ኮምፒዩተር ወይም ኤክስቦክስ ካገኛችሁ፣ የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የ2020ው ቅጂ ምድርን በሙሉ ልኳ ይዟል። የእኛም አገር አለበት። ቦሌ ላይ ሴስና 172 ምረጡና ወደ ላሊበላ ብረሩ።

ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። የጌሙን የበረራ ረዳት አጥፍታችሁ ከሆነ የነዳጁን ሚክስቸር፣ ማለትም ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን የነዳጅ መጠን፣ ከመነሣታችሁ በፊት ትንሽ ቀንሱ፤ አለዚያ ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ጉልበት ያጣል፤ ማኮብኮቢያው እያለቀ አውሮፕላኑ አይነሣም። ከተነሣችሁ በኋላም በቀጥታ ወደ እንጦጦ አትሂዱ። ይህች ትንሽ አውሮፕላን በዚህ ከፍታ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው፤ ከተማው ላይ እየዞራችሁ ከፍታ ያዙና ጋራውን ተሻገሩ።

ከዚያ ወደ ሰሜን። ርቀቱ በቀጥታ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ቤቶቹ ከሳተላይት ምስል ተገምተው የተሠሩ ስለሆኑ የምታውቁትን ሕንፃ አትፈልጉ፤ መሬቱን ተከተሉ። ሜዳው ድንገት ሲቆረጥ የጀማ ሸለቆ ነው። በኋላም የበሽሎ ገደል ይመጣል። እነዚያን ገደሎች በአውቶቡስ ወርዶ የወጣ ሰው ከላይ ሲያያቸው ምን እንደሚሰማው እኔ ልገልጸው አልችልም።

ምስሉ በኢንተርኔት ስለሚመጣ መስመሩ ደካማ ከሆነ መሬቱ ይደበዝዛል። የምትሄዱበትን አካባቢ «ማኑዋል ካሽ» በሚለው ምርጫ አስቀድማችሁ ማሽናችሁ ላይ አውርዱት፤ ሌሊት መስመሩ ሲሻል አድርጉት።

9. የት እንደምታቆሙ

ስትዘጉ ከተማ ውስጥ፣ ሱቅ በር ላይ ወይም ተልዕኮ መሐል አትዝጉ። አሥር ደቂቃ ሲቀራችሁ ወደ ኮረብታ ውጡ፤ ገጸ ባሕሪያችሁን ገና ወዳልሄዳችሁበት አቅጣጫ አዙሩትና እዚያ ሴቭ አድርጉ። በደብተራችሁ ላይ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ከፊቴ ጢስ ይታያል፣ ከወንዙ ማዶ።» በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍቱ ጢሱ እዚያው ይጠብቃችኋል።